የአንድ ዓመት እረፍት

ወንድሜ ሊፍት ጠጋኝ ነበር። ሰው ሳይደክመው ፎቅ እንዲወጣ እሱ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በደረጃ ሲወጣ ኖረ፤ ሊፍት ሲበላሽ ጠጋኙ የሚደርሰው በእግሩ ነዋ፣ ሞተሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከጣሪያ ሥር ነው። ባልደረቦቹ "አሳንሰር" ይሉት ነበር። አብሮት የሚሠራው ሰው "ክብደት" ይባላል። ሊፍቱ በአንድ በኩል ሲወጣ በሌላ በኩል የሚወርደው ከባድ ብረት ስሙ እንደዚያ ነው፤ ሰውዬው ግን ቀበቶው ሁለት ዙር የሚዞረው መንማና ነበር። ስሙን ያወጣለት ወንድሜ ነው።

የምንኖረው ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ይህን የሚሰማ ሁሉ ይስቃል። ወንድሜም አብሮ ይስቅና "ሥራና ቤት መደባለቅ አልወድም" ይላል።

እኔ በዘጠኝ ዓመት ታናሹ ነኝ። እናታችን ስትሞት አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ያሳደገኝም ያስተማረኝም እሱ ነው። እሱ ሳያገባ ቀረ፣ እኔ አግብቼ ተመለስኩ፣ ከዚያ ወዲህ ሁለታችን በአንድ ቤት ኖርን። እኔ "ጋሼ" እለዋለሁ። እሱ ደግሞ የስፖርት መምህርት ስለሆንኩ "ፊሽካ" ይለኛል። ቤት ውስጥም ቢሆን የማዝ እኔ ነበርኩ። ብላ፣ ተነሣ፣ ካልሲህን ቀይር። እሱ ትልቅ ወንድም ሆኖ ይታዘዛል። አሁን ሳስበው፣ ደስ ይለው የነበረ ይመስለኛል፤ የሚያዝዘው ሰው ያለው ሰው ብቻውን አይደለም።

ሃምሳ አንድ ዓመት የሞላው ጊዜ ደረጃችን ላይ መቆም ጀመረ። ሁለተኛው ፎቅ ሲደርስ ቆም ይልና ኪሱን ይዳብሳል፣ ቁልፍ የጠፋበት ይመስል። አንድ ቀን ከኋላው ደርሼ፣

"ጋሼ፣ ቁልፉ እጅህ ላይ ነው" አልኩት።

ሳቀ። ትንፋሹ ግን አልተመለሰለትም። "ደረቴን እንደ መጭመቅ ያደርገኛል። ስቆም ይለቀኛል።"

"ሆድህ ነዋ። ካንተ ቀድሞ ቤት እየገባ እኮ ነው።"

"ይሆናል" አለ።

"ምን ይሆናል ትላለህ፣ ነው እንጂ። ዘይት ያላየ ሞተር ምን እንደሚሆን ለአንተ አይነገርም። ቅዳሜ ጠዋት ከእኔ ጋር ሜዳ ትወርዳለህ።"

ልብ በሉ፣ ሰውዬው ነግሮኛል። ሲሠራ የሚጨምቅ፣ ሲቆም የሚለቅ የደረት ሕመም ምን ማለት እንደሆነ ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሻለሁ። ግን ያ በደብተር ውስጥ ያለ የሌላ ሰው ደረት ነበር። የወንድሜን ደረት ልብ አላልኩትም።

ቅዳሜ ፀሐይ ሳትጠነክር ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነበርን። ቀመር አለን እኛ የስፖርት ሰዎች፦ ከሁለት መቶ ሃያ ላይ ዕድሜን መቀነስ። ለወንድሜ መቶ ስልሳ ዘጠኝ ይመጣል፤ ልቡ በደቂቃ ከዚያ በላይ እንዳይመታ እጠብቃለሁ ማለት ነው። ቁጥሩን ከያዝኩ ሰውየውን የያዝኩት መሰለኝ። ሁለት ዙር ሮጠ። ሦስተኛው ላይ ዝግ አለና አንድ እጁን ከፍ አደረገ፣ ቆይ እንደ ማለት። እኔ ከሜዳው ማዶ ፊሽካዬን ነፋሁ። አንድ ዙር ብቻ ቀረህ ለማለት ነው። ልጆቹ ሲደክማቸው እንደዚያ ነው የማደርገው፣ ሁሌም ይሠራል።

ሠራ። ወንድሜ እጁን አውርዶ ሮጠ።

ግማሽ ዙር ሳይሞላ ከጎሉ አጠገብ ተቀመጠ። ስደርስ ግራ መንጋጋውን ይዟል።

"ጥርሴን አመመኝ" አለ።

"ጥርስህን?"

"አላውቅም። እዚህ ጋ።" ፊቱ አመድ መስሏል፣ ግንባሩ ላይ ያለው ላብ ቀዝቃዛ ነበር። በሩጫ የመጣ ላብ ይሞቃል፤ እጄ ያን ያውቃል። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ሮጦ ታክሲ አስቆመ፣ ለሁለት ደግፈን አስገባነው፣ መንገዱን ሁሉ እጁን ይዤ የልቡን ምት ስቆጥር ሄድኩ። ቁጥሩ ምንም የሚያደርግልኝ ነገር አልነበረም፤ ሌላ የማውቀው ሥራ ስላልነበረኝ ነው።

ልቡን ከሚመግቡት የደም ቧንቧዎች አንዱ ተደፍኖ ነበር። በእጁ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብተው ከፈቱት፣ እንዳይደፈን ደግሞ ትንሽ የሽቦ ወንፊት የመሰለች ቱቦ ውስጡ አስቀመጡ። ወንድሜ ይህን ሲነግሩት "ገመድ ቀይረውልኛል ማለት ነው" አለ። ከሁሉ ቀድሞ የሳቀ እሱ ነው። እኔ አልሳቅሁም። ሐኪሙ "ምን እያደረገ ነበር?" ብሎ ሲጠይቅ "እየሮጠ" አልኩ፤ ማን እንዳስሮጠው አልተናገርኩም። ወንድሜም አልተናገረም።

በስድስተኛው ቀን ሊወጣ ሲል እሱ መታጠቢያ ቤት ልብሱን እየለበሰ ነበር። ሐኪሙ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ወጣት ነው፣ ወረቀት ይዞ ወደ እኔ መጣ።

"ከልቡ ጡንቻ ጥቂቱ ተጎድቷል። የቀረው ደህና ነው፣ ነገር ግን መሥራት አለበት። መድኃኒቱ ልቡን ያሳርፍለታል፣ እንቅስቃሴው ያጠነክርለታል። አንዱ ያለ አንዱ ጎዶሎ ነው። እዚህ ላይ ተጽፏል፤ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ፣ ለጥ ባለ መንገድ ላይ። ከዚያ እየጨመረ። ጥያቄ ካለ ከሥር ስልክ ቁጥር አለ፤ የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያዋ ጋ ይደውሉ።"

"እሺ" አልኩ። "እነግረዋለሁ።"

ቤት ከገባን በኋላ ሦስት ቀን በተባለው መሠረት ሄድን። መንገድ እንኳ አልወረድንም፣ ኮሪደሩን ነው የምንመላለሰው። እኔ የእጁን አንጓ ይዤ እቆጥራለሁ። ተቀምጦ ሃምሳ አራት። አምስት ደቂቃ ተራምዶ ስልሳ ስድስት። እሱ ደግሞ ደክሞታል፣ ከንፈሩ ነጥቷል። እኔ ሃያ ዓመት የልጆች ልብ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሰው ሲንቀሳቀስ ልቡ ይዘላል፣ መቶም መቶ ሃያም ይገባል። ይሄ ግን አልነሣ ያለ በቅሎ መሰለኝ። ልቡ አልቻለም፣ አልኩ ለራሴ። ሊነሣ ፈልጎ አቃተው።

በአራተኛው ቀን የበሩ መጥሪያ ሲጮህ ወንበሩ ላይ ተደግፎ ነበር። ክብደት ሊጠይቀው እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ደስ ብሎት ብድግ አለ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ዓይኑ ጨለመበትና ኮሪደሩ ላይ ወደቀ። ግንባሩን የጫማ መደርደሪያው ጠርዝ ገጨው። ደሙ ብዙ አልነበረም። ወዲያው ዓይኑን ገለጠና "ምን ሆኜ ነው?" አለ። ክብደት ከውጭ በሩን እየመታ፣ እኔ መሬት ላይ የወንድሜን ራስ ታቅፌ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን አጣጠፍኩና ቁም ሣጥኔ ውስጥ ከስፖርት ቱታዎቼ ሥር ከተትኩት።

በማግሥቱ ጠየቀኝ። "ሐኪሙ ስለ መራመድ ምን ነበር ያለው?"

"ዕረፍት ነው ያለው" አልኩት።

"እስከ መቼ?"

"እስክትጠነክር።"

አየኝና "እሺ ፊሽካ" አለ።

አንድ ጊዜ ገድዬው ነበር፣ ሁለተኛ አልገድለውም፤ ሐሳቤ ይኸው ብቻ ነበር። ስልኩን አንስቼ ባለሙያዋ ጋ ብደውል አንድ ጥያቄ በቂ ነበር። አልደወልኩም። ብደውል ማን ነው ያስሮጠው ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ይሆናል። እንዲህ ነው ብዬ እንዳልናገር፣ ዛሬም በትክክል አላውቀውም።

ከዚያ ያ ዓመት መጣ።

ወንድሜ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ጠዋት ከአልጋው ወደ ወንበሩ፣ ማታ ከወንበሩ ወደ አልጋው። ደረጃውን የሚወርደው ሐኪም ቤት ስንሄድ ብቻ ነው፤ ያኔም ከጎረቤቶች ጋር በወንበር ተሸክመን። መድኃኒት ላይ ግን አትምጡብኝ። በሳምንቱ ቀኖች የተከፋፈለች የፕላስቲክ ሣጥን ገዛሁ፤ የጠዋቱን በጠዋት፣ የማታውን በማታ፣ ዓመት ሙሉ አንዲት ፍሬ አላለፈችም። ጎረቤቶች ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ "እህት ማለት እንዲህ ነው" ይላሉ። ደስ ይለኝ ነበር። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

ክብደት በየሳምንቱ ይመጣል። አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፣ "ቲቸር፣ መሥሪያ ቤቱ የብልሽት ስልክ የሚቀበል ሰው ይፈልጋል። ቁጭ ብሎ ነው። አሳንሰር በስልክ ድምፅ ብቻ ብልሽቱን ያውቀዋል፣ ከሱ የተሻለ የለም።"

"እዚያ ድረስ ማን ያደርሰዋል? ደረጃውን ማን ያወርደዋል?"

"እኔ አለሁ።"

"አንተንስ ማን ይደግፍሃል?" አልኩት። ሁለቱም ሳቁ፣ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ክብደት ከሄደ በኋላ ወንድሜ በመስኮቱ እያየ "የምችል ይመስለኝ ነበር" አለ።

"ስትጠነክር" አልኩት።

እሱ ግን አልጠነከረም። ሱሪው ከጭኑ ላይ ተረፈ። ያ ደረጃ የወጣ ባት፣ ልጅ እያለሁ እንደ ድንጋይ የምደበድበው፣ ሙሽሽ አለ። በስምንተኛው ወር ከአልጋው እስከ መታጠቢያ ቤት ደርሶ ሲመለስ የሚያለከልክ ሆነ። ሲያለከልክ ሳይ ደግሞ፣ "አየህ? ገና ነህ" እላለሁ። እንዳይራመድ አደርጋለሁ፣ ባለመራመዱ ይደክማል፣ መድከሙን አይቼ ይበልጥ አስቀምጠዋለሁ። በሦስተኛው ወር ቀጠሮ ላይ ሐኪሙ፣ ደጅ ላይ ሰልፍ እየጠበቀው፣ "እንቅስቃሴው እንዴት ነው?" ብሎ ሲጠይቅ "እንደተባለው ነው" ያልኩ እኔ ነኝ። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። እንደተባለው ማለት ዕረፍት መስሎታል።

በአሥራ ሦስተኛው ወር የቀጠሮው ቀን ከትምህርት ቤቶች ውድድር ጋር ገጠመብኝ። መቅረት አልቻልኩም። ክብደት "እኔ እወስደዋለሁ" አለ። የሚጠይቁትን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁትና ወደ ውድድሬ ሄድኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስመለስ ወንድሜ መስኮቱ ጋ አልነበረም። ወጥ ቤት፣ ጠረጴዛው ዘንድ ተቀምጧል። ከፊት ለፊቱ አዲስ ወረቀት አለ፤ ገና ከሩቁ አወቅኩት፣ ያው ቅጽ ነው።

"ክብደትስ?"

"ሄደ። ተቀመጪ።"

ተቀመጥኩ።

"ዛሬ ሐኪሙ እግሬን አየው። በቀን ስንት ደቂቃ ይራመዳሉ አለኝ። ዕረፍት ላይ ነኝ አልኩት። ማን አሳረፈዎት አለኝ።" ድምፁን ከፍ አላደረገም። "እርስዎ ነዎታ አልኩት። ከዚያ መዝገቡን ገልጦ አሳየኝ። የዛሬ ዓመት የሰጠውን ወረቀት ግልባጭ።"

አንገቴ ላይ የነበረውን ፊሽካ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"ጠፍቶብሽ ነው?"

እንደጠፋ ብናገር ያምነኝ ነበር። የማምለጫውን በር ራሱ ከፍቶ እየጠበቀኝ ነው። "አልጠፋም" አልኩ። "ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው።"

"ለምን?"

"ወደቅህ። ቆጠርኩት፣ ልብህ አልነሣ አለ። ትሞታለህ ብዬ ነው ጋሼ።"

ረጅም ጊዜ ወረቀቱን በጣቱ እያስተካከለ ቆየ። ሞተር ሲያዳምጥ እንደዚያ ነው የሚያደርገው ይላሉ፤ ዝም ብሎ፣ እጁ የሆነ ነገር ላይ። ከዚያ፣

"ያስሮጥሽኝ አንቺ፣ ያስቀመጥሽኝ አንቺ" አለ። "ሁለቱንም ጊዜ ልቤን ቆጠርሽው። አንድ ቀን እንኳ ምን ይሰማሃል ብለሽኝ አታውቂም።"

አልቅሼ ይሆናል። እሱ አላለቀሰም፣ አልተቆጣምም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ተነሣ፤ መጀመሪያ እግሩን መሬት ላይ አደላድሎ፣ ጠረጴዛውን ይዞ፣ ትንሽ ቆየት ብሎ ነው የተነሣው። እንደዚያ ሲነሣ አይቼው አላውቅም ነበር። ያን ቀን የተማረው ነው።

ባለሙያዋ ዘንድ በሚቀጥለው ሳምንት ራሴ ሄድኩ። ጠና ያለች፣ የስፖርት ጫማ ያደረገች ሴት ናት፤ ስሰማት የሥራ ባልደረባዬ መሰለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሜዳውንም፣ ፊሽካውንም።

"ከሚወስዳቸው አንዱ የልብን ምት የሚይዝ መድኃኒት ነው" አለችኝ። "ልጓም በይው። ልጓም የገባለት ፈረስ ለምን አልጋለበም ተብሎ ደካማ አይባልም። የአንቺ ቀመር ያለ መድኃኒት ላለ ሰው ነው፤ ለሱ አይሆንም። እሱን የምትለኪው በወሬ ነው። እየተራመደ ማውራት ከቻለ ደህና ነው። ቃል ካጠረው ዝግ ይበል። ደረቱን ከያዘው ይቁም።"

"የወደቀውስ?"

"የደም ግፊቱን የሚያወርደው መድኃኒት ነው፤ ቶሎ ብድግ ሲል ደሙ ጭንቅላቱ ጋ ለመድረስ ይዘገያል። ወንበሩ ጫፍ ላይ አንድ ደቂቃ ቀና ብሎ ተቀምጦ ቢነሣ አይወድቅም ነበር።"

ሁለት ጥያቄ፣ ሁለት መልስ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ከቢሮዋ ስወጣ እናታችን ትለው የነበረው ትዝ አለኝ፦ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ቀሪውን መጨረስ አቃተኝ።

ወንድሜ መራመድ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ከእኔ ጋር አልሆነም። "አንቺ ቤት ቆዪ" ይለኛል፣ በጨዋ ደንብ፣ እንደ እንግዳ። ደረጃውን በመቀመጫው እየተንፏቀቀ፣ በየፎቁ ዐረፍ እያለ ይወርዳል። እኔ በመስኮቱ አያለሁ። ከሕንፃው በር እስከ ፋርማሲው ድረስ አምስት ደቂቃ። ከዚያ እስከ ጫማ ጠጋኙ ስምንት። ተራ በተራ እየጨመረ ማዶ እስከ ጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ከመስኮት አይታይም፣ እስኪመለስ ድረስ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። እሱ ስንት ጊዜ እዚያው ወንበር ላይ እኔ ከሥራ እስክመለስ እንደጠበቀኝ ያኔ ነው ያሰላሁት።

አንድ እሑድ ጫማውን አጥልቆ በሩ ላይ ቆመና "ነይ እንጂ" አለኝ።

ጎን ለጎን ሄድን። እጁን አልያዝኩም፣ አልቆጠርኩም። ማውራት ስላለበት አወራ። ወንድሜ በተፈጥሮው ወሬኛ አልነበረም፤ ያ ሕክምና ባይመጣ ኖሮ ያን ሁሉ አልሰማም ነበር። ስለ አባታችን ነገረኝ። ሊያገባት ስላሰባት አንዲት የጽሕፈት ሠራተኛ ነገረኝ፤ እኔን ትቶ መውጣት ስላልሆነለት ጊዜው እንዳለፈ። "አንቺ ምን አደረግሽ፣ ልጅ ነበርሽ" አለኝ፣ ፊቴን አይቶ።

ከፋርማሲው አለፍ ስንል ደግሞ እንዲህ አለ፣ "ደረቴን ሲጨምቀኝ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር፣ አንቺን ከመንገሬ በፊት። ሥራ ላይ ሁለቴ ሞተር ክፍል ውስጥ ተቀምጫለሁ። ለክብደት ምሳ ከበደኝ አልኩት። አሳንሰር ደረጃ አቃተው እንዳልባል።"

"ለምን አሁን ትነግረኛለህ?"

"ጥፋቱን ለብቻሽ እንዳትወስጂው። ለእኔም ተይልኝ።"

በስድስተኛው ወር ሠላሳ ደቂቃ ይሄድ ነበር። ሱሪው ጠበበው፤ በጭኑ በኩል ነው እንጂ በሆዱ አይደለም። ደረጃችንንም ቀጥ ብሎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዐርፎ ይወጣው ጀመር። ወደ ሥራ ግን አልተመለሰም። የስልኩን ቦታ ሌላ ሰው ይዞታል፤ ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ እንዲወርድም የሚፈቅድለት ሐኪም አልተገኘም። ሐኪሙ እንደ አዲስ ልቡን በማሽን አይቶ "ትንሽ ሰፍቷል" አለ። ወንድሜ ትከሻውን ነቀነቀ። "ሲያረጅ ቤትም ይሰፋል፣ ሰው ሲጎድልበት" አለ።

ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ኖረ፣ ከዚያ በኋላ። አንድ ረቡዕ ጠዋት ፊቱን ታጥቦ ፎጣ እንደያዘ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ወደቀ። ሰማሁት፣ ሮጥኩ። ደረቱን ለልጆች እንደማስተምረው በሁለት እጄ እየተጫንኩ አምቡላንሱ እስኪመጣ ቆየሁ፣ ክንዴ እስኪዝል። አልተመለሰም።

ከቀብሩ በኋላ፣ ሐኪሙን ሄጄ ጠየቅኩት። "ያ አንድ ዓመት ነው?"

ብዙ ሰው እንደዚህ እንደሚጠይቀው ያስታውቃል። "አይታወቅም" አለ። "ቢራመድ ኖሮ ልቡ የተሻለ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። ይኖር ነበር ወይ ካሉኝ፣ አይታወቅም።"

ነው ቢለኝ አለቅስ ነበር፣ አይደለም ቢለኝ ዐርፍ ነበር። አይታወቅም የሚለውን ምን እንደማደርገው እስካሁን አላወቅኩም።

ክብደት ከወር በኋላ መጣ። የወንድሜን መሣሪያዎች እንዲወስድ ጠርቼው ነው፤ ቁልፎቹን፣ መብራቱን፣ ቆዳ ጓንቱን። ሻይ አቀረብኩለት። ጓንቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቆየና፣

"ቲቸር፣ አንድ ነገር አለ፣ አልነገርንሽም" አለኝ።

"ምን?"

"ባለፈው ዓመት ነው፣ አንቺ ስልጠና ሄደሽ የከረምሽ ጊዜ። ባለ ዘጠኝ ፎቁ ሕንፃ ላይ ሥራ ነበረኝ። ልምጣ አለ። ሊፍቱ እኮ ቆሟል አልኩት። እሱን ብዬ ነው አለኝ። በደረጃ ወጣን። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብን። በየፎቁ እያረፍን፣ እያወራን። ሞተር ክፍሉ ስንደርስ ገባና በእጁ ነካው፣ ገና ሳልፈታው ብልሽቱን ነገረኝ። ልክ ነበር።"

"ደረቱንስ?"

"ምንም አላለውም። እየጠየቅኩት ነው የወጣነው። ምን ይሰማሃል አሳንሰር፣ ደህና ነኝ። ምን ይሰማሃል፣ ደህና ነኝ። ሲወርድ ያፏጭ ነበር።"



"ለምን አልነገረኝም?"

ክብደት ዓይኑን ወደ ሻዩ መለሰ። መዋሸት የማይችል ሰው ነው። "ነግሬው ነበር፣ ንገራት ብዬ" አለ። "ትሰጋለች አለ። ከሰጋች ደግሞ መስኮቱ ጋ ትመልሰኛለች አለ። እንደ ቀልድ ነው የተናገረው፣ ቲቸር።"

"ገብቶኛል" አልኩት።

"እየሳቀ ነው ያለው።"

"ገባኝ እኮ።" ብርጭቆውን ደግሜ ሞላሁለት። "ያን ሁሉ ደቂቃ ስለ ምን አወራችሁ?"

አሰበ። "እንጃ። ስለ ገመድ። ስለ አለቃችን። ድሮ አንድ ሙሽራ ሊፍት ውስጥ ሁለት ሰዓት ተዘግቶባት እሱ ሲያጽናናት የነበረውን። እንዲሁ ነው፣ የማይረባ ወሬ።"

"ንገረኝ" አልኩት። "ከአንደኛው ፎቅ ጀምረህ።"

ክብደት ጓንቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና መናገር ጀመረ።